ለፊያት 124 ስፓይደር የትኛው መሪ ይሻላል?

የጠባሴው መምህር፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ጥያቄዬን ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው፤ አለበለዚያ "ሞዴሉ ስንት ነው?"፣ "ፎቶ የለውም ወይ?" ስንባባል ፋሲካ ይደርሳል። ፋሲካን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። ሁለት በር፣ ሸራ ጣሪያ፣ የ1968 ሞዴል፣ 1,438 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ። የአጎቴ ነበረች። አገሩ ሊገባ ሲነሳ ጣሊያን ላይ ገዝቷት ዕድሜ ልኩን ሲወለውላት ኖረ። እሱ ሲያርፍ ልጆቹ ሁሉም ውጭ ስለሆኑ "አንተ ያዛት፣ እንዳትሸጣት ብቻ" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። አልሸጥኳትም። ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጥቅምት ውርጭ፣ ሸራ ጣሪያ መኪና መንዳት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ጋቢ ደርቤ ስነዳ ያየኝ ተማሪ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ።

ችግሬ መሪው ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት መሪ ጠርዙ እንጨት፣ ክንዶቹ ብረት ነበሩ። አጎቴ በሠርጉ ቀን የተነሳው ፎቶ ላይ በደንብ ይታያል። አሁን ያለው ግን ሌላ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ገብታ ስትወጣ ጥቁር ፕላስቲክ መሪ ተገጥሞላት ወጣች። "እንጨቱ ተሰንጥቆ ነበር፣ ጣልነው" አሉት። አጎቴ ይህን ነገር እስኪሞት አልረሳላቸውም። ጥቁሩ መሪ ከምን መኪና እንደመጣ የሚያውቅ የለም። መሃሉ በብየዳ ነው የተያያዘው። ስለካው ከዳር እስከ ዳር 40 ሴንቲ ሆነ። ጠርዙ ቀጭን ነው፣ ተሰነጣጥቋል፣ ፀሐይ ሲመታው ጥቁሩ መዳፍ ላይ ይቀራል። ጎማው ቀጥ ሲል መሪው ወደ ግራ ያጋድላል።

አሁን ወደ ፋሲካው። የአጎቴ ልጅ የምትኖረው ቱሪን ነው። ፊያትን ያህል ነገር ከተፈጠረበት ከተማ፣ ይቺ መኪናም እ.ኤ.አ በ1966 መጀመሪያ ለሕዝብ ከታየችበት ከተማ ለበዓል ትመጣለች። "መሪ አመጣልሃለሁ፣ የትኛውን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ" ብላኛለች። ሻንጣዋ ውስጥ የሚገባው አንድ ነው። የላከችልኝ ምርጫ ይሄ ነው (ናርዲም ሞሞም የጣሊያን መሪ ሠሪዎች ናቸው)፦ ናርዲ፣ ጠርዙ እንጨት፣ 39 ሴንቲ ወይም 36። ያው ናርዲ በጥቁር ቆዳም አለ። ሞሞ፣ ቆዳ፣ 35። ከነዚህ ሌላ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ ቀይ ስፌት ያለው 32 ሴንቲ አይቻለሁ። ዋጋው ከሁሉም ይረክሳል።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። መሪ ባነሰ ቁጥር እጅ የሚያወጣው ጉልበት ይጨምራል። ከ40 ወደ 39 ብወርድ ጭማሪው 2.6 በመቶ ነው፤ አይታወቅም። 36 ላይ 11 በመቶ፣ 35 ላይ 14፣ 32 ላይ 25 በመቶ ይሆናል። በወረቀት ይሄ ነው። እጄ ላይ ምን እንደሚመስል ግን ወረቀት አይነግረኝም።

የምነዳበትን መንገድም ልንገራችሁ። እናቴ ደብረ ሲና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣርማ በርን አልፌ እወርዳለሁ። አልፎ አልፎ ወደ አንኮበር። ዋሻው አፍ ላይ ጉም ሲወርድ ሦስት ሜትር ፊት ለፊት አይታይም፤ ከዚያ በኋላ ጥምዝምዙ ነው።

እንጨት ወይስ ቆዳ? ስንት ሴንቲ? መጠንቀቅ ያለብኝ ሌላ ነገርስ አለ?

ፍጥነት ነው ነገሩ፦

መምህርዬ፣ 35 ሞሞ። አለቀ።

ስፖርት መኪና ላይ 39 ሴንቲ ገጥመህ ምን ልትመስል ነው? የከተማ አውቶቡስ? እሽቅድድም ላይ ትልቅ መሪ የሚይዝ አይተህ ታውቃለህ? 32ቱም ቢሆን አሪፍ ነው። ሶማሌ ተራ ብትመጣ ደግሞ ሞልቷል፤ ከቱሪን ሻንጣ ምን አስጠበቀህ? መሃሉን እዚያው አስተካክለው ይገጥሙልሃል፣ ከሰዓት በኋላ ነድተህ ትገባለህ።

እንጨቱን ግን ተወው። የሽማግሌ ነው።

ጡረተኛው ቶርኖ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዘርዝረህ ጽፈሃል። እኔ የቡልጋ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬን አዲስ አበባ ቶርኖ ላይ ነው የጨረስኩት። የጣሊያን መኪና በእጄ ያላለፈ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ስለ እንጨትና ስለ ቆዳ መጨረሻ ላይ እናወራለን። መጀመሪያ ያ ብየዳ። መሪ አይበየድም። የመሪ መሃል ከምን ዓይነት ብረት እንደተሠራ ሳይታወቅ እሳት ከነካው፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ይደርቅና ተሰባሪ ይሆናል። መሪ ደግሞ ሥራው መጠምዘዝ ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ስንጥቁ ከውስጥ ይጀምራል። አንድ ቀን ተነቅሎ እጅህ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እስክትቀይረው ድረስ እናትህ ጋ በአውቶቡስ ሂድ። ቀልድ አይደለም።

"እዚያው አስተካክለው ይገጥሙልሃል" ያለው ልጅ እንዳያሳስትህ። መሪና መኪናን የሚያገናኘው ሞዞው ነው። ውስጡ ጥርስ አለው። ያ ጥርስ ከመሪው ዘንግ ጥርስ ጋር ልክ ለልክ መግጠም አለበት። ለፊያት 124 ተብሎ የተሠራ ሞዞ ይሸጣል። እሱን ግዛ። ከመሪው በፊት እሱን ግዛ። እኔ ቶርኖ ላይ ብዙ ነገር አውጥቻለሁ፤ የመሪ ጥርስ አውጣልን ያሉኝን ግን መልሻለሁ።

ከዚያ የብሎኑ ነገር። አሁን የሚሸጡት ሞሞም ናርዲም በስድስት ብሎን ነው የሚታሰሩት። ግን ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ይለያያል። የሞሞ 70 ሚሊ ነው፣ የናርዲ 74። ፐርሶናል የሚባለውም 74 ነው። ሰው "አራት ሚሊ ምን አላት፣ በቦርቧሪ ሰፋ እናድርገው" ይላል። እንደ ፊዚክስ አስተማሪ አስበው። አራቱ ሚሊ ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሚሊ ነው የሚገፋው። ብሎኑ አምስት ሚሊ ውፍረት አለው። አዲሱ ቀዳዳና አሮጌው ይደራረባሉ። ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል፣ ብሎኑ ይላወሳል፣ የሚላወስ ብሎን ደግሞ ይበጠሳል። ስለዚህ ሞዞውና መሪው አብረው፣ ለአንድ ዓይነት ክብ የተሠሩ ይሁኑ። ሁለቱንም ረድፍ የያዘ ሞዞም አለ፤ ካገኘች ይሄ ይመረጣል።

አሁን ስፋቱ። ለወጣቱ ልንገረውና፣ የሞሞው ሰው ሞሬቲ እ.ኤ.አ በ1964 ያን መሪ የሠራው ለራሱ የእሽቅድድም መኪና ነው። ከጊዜው መሪዎች ያነሰ፣ ጠርዙ ወፈር ያለ አደረገው። ጥሩ ሥራ ነው። ግን እሽቅድድም ላይ ሰው መኪናው ቆሞ መሪ አይጠመዝዝም። አንተ ገበያ መሃል ከሁለት ጋሪ መካከል ትወጣለህ፣ ግቢ ውስጥ ታዞራለህ። 124 ውስጥ በጉልበት የሚያግዝ ነገር የለም። የመሪው ሳጥን ውስጥ ያለው ትልና ሮለር የሚባል ጠመዝማዛ ጥርስ ነው፤ ሌላው ክንድህ ነው። 32 ለመኪናህ አይሆንም። 35 ይቻላል፣ ግን ታዝናለህ።

ከመወሰንህ በፊት መኪናዋን ፈትሽ። ከባድ ናት? ቀላል? አልነገርከንም። የፊቱን በክሪክ አንሳውና ጎማው ከመሬት ሲለቅ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው። በሁለት ጣት መዞር አለበት። መሃል ላይ ሲደርስ ከያዘህ፣ አንድ ሰው ሳጥኑ ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ከልክ በላይ አጥብቆታል። ልልነት ሲኖር ሁሉም እሷን ነው የሚያጠብቀው፤ ዋናው ችግር ግን ብዙ ጊዜ ቴስቲናው (የመሪ ዘንጎቹ መጋጠሚያ) ወይም ከሳጥኑ ትይዩ ያለው አጋዥ ክንድ ቡሽ ነው። ሳጥኑ ከጠበቀ መኪናዋ ከኩርባ ስትወጣ መሪው በራሱ አይመለስም። ዘይቱንም እይ። የጎማህንም ቁጥር ንገረኝ።

የተመሳሰለ ዕቃም አለ፤ በተለይ ሞሞ። እውነተኛው ላይ ከክንዱ ጀርባ መጠኑና የተሠራበት ቀን ተቀርጿል። ቀይ ስፌቱ 32 ጀርባው ልሙጥ ከሆነ እዚያው ተወው።

አነጋገሬ ከበደ መሰለኝ። የቡልጋ ሰው እንዲህ ነው።

የጠባሴው መምህር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። እናቴ "መኪናዋን ሸጥካት?" ብላ ደነገጠች።

ያሉኝን አደረግሁ። ጎማው ከመሬት ሲነሳ መሪው በሁለት ጣት ይዞራል፣ መሃል ላይም አይዝም። ስለዚህ ሳጥኑ ደህና ይመስለኛል። ዘይቱ ጎድሎ ነበር፣ ሞላሁት። የአጋዡ ክንድ ቡሽ ትንሽ ይላወሳል፤ አስቀይረዋለሁ። ጎማው ግን 185 ሆኖ ተገኘ። ከፋብሪካ የወጣችበት 165 በ13 ነው። ቆማ ስትዞር የምትከብደኝ ለካ በዚህ ነው። የጎማዎቹ ጥርስ ሊያልቅ ስለሆነ ቀጣዩን 165 አደርጋለሁ።

ሌላም ነገር ሞከርኩ። ከፓስታ ካርቶን በ39፣ በ36 እና በ32 ሴንቲ ቀለበት ቆርጬ መሪው ቦታ ላይ ያዝኩት። ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ፍጥነት መለኪያውንና የሞተር ዙር መለኪያውን አየሁ። በ39 ሁለቱም በጠርዙ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይታያሉ። በ36 የላይኛው ቁጥር ይሸፈናል። በ32 ከመቶ በላይ ያለው ፍጥነት ጠፋ። በእኔ ቁመት ነው እንግዲህ፤ አጭር ሰው ሌላ ሊያይ ይችላል። ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ካርቶን ይዤ ስዞር አይታ ምንም አላለችም። ይሄ ነው የሚያስፈራው።

አንድ ጥያቄ። የዚያ ዘመን ጣሊያን መኪና ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ እጄ ደግሞ ይዘረጋል። መሪው ወደ እኔ ቢቀርብ ደስ ይለኛል። መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ጠርዙ ወደ ሾፌሩ የቀረበ መሪ ይሻላል?

ጡረተኛው ቶርኖ፦

ጎበዝ። ካርቶኑን ወድጄዋለሁ።

አቀማመጡ የሁሉም ጣሊያን ነው፤ አጭር እግርና ረጅም እጅ ላለው ሰው የተሠሩ ናቸው እየተባለ ሲቀለድባቸው ኖሯል። መለኪያው ይሄ ነው። ጀርባህ ከወንበሩ ሳይለቅ እጅህን ቀጥ አድርገህ ዘርጋ። የእጅ አንጓህ መሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ጣትህ ብቻ ከደረሰ መሪው ርቋል። እንግዲያው ጎድጎድ ያለ ውሰድ፣ ወይም ወፈር ያለ ሞዞ። ግን የፍሬቻውን ማንሻ አትርሳ። መሪው ወደ አንተ በመጣ ቁጥር ማንሻው ይርቃል። ጣትህ ከመሪው ሳይለቅ የማይደርስበት ከሆነ አበዛኸው።

የአንኮበር አናጺ፦

መምህር፣ ጎረቤቶች ነን። እኔ እንጨት ነው ሥራዬ። መሪም ጠግኛለሁ፤ የመርሴዲስ አንድ፣ የፊያት 1100 አንድ።

የሚያናድደኝ ያ ጋራዥ የጣለው ነው። የተሰነጠቀ የእንጨት መሪ አይጣልም። ውስጡ ብረት አለው። እንጨቱ ልብስ ነው፣ ሸክሙን የሚችለው ብረቱ ነው። ብረቱ ደህና ከሆነ እንጨቱን አውልቆ አዲስ ማልበስ ይቻላል። የአጎትህ መሪ ቢኖር ኖሮ ከቱሪን ምንም አያስፈልግህም ነበር።

"ታዲያ ከወይራ አዲስ ሥራልኝ" የሚለኝ አለ። እንዲህ ነው መልሴ። ከአንድ ሳንቃ ክብ ቆርጠህ ብታወጣ፣ የእንጨቱ ጭረት ሁለት ቦታ ላይ ከጠርዙ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ጠርዙን ያቋርጠዋል። ያቋረጠበት ቦታ ላይ በጉልበት ብትጫነው ቀጭ ይላል። ለዚህ ነው ጥሩ የእንጨት መሪ ከብዙ ቁራጭ ወይም ከስስ ንብርብር ተጣብቆ፣ ጭረቱ ክቡን እየተከተለ የሚሠራው። መሃሉ ላይ የብረት ቀለበት፣ በየቦታው ሪቬት። ብረት የሌለው የእንጨት መሪ አደጋ ላይ ተሰብሮ ደረት ውስጥ የሚገባ ስንጥር ነው። እኔም አልሠራም፣ አንተም ከማንም እንዳትገዛ።

ብረቱ ካለ ግን ወይራ ጥሩ ነው። ጠንካራ ነው፣ ሲወለወል መልኩ ያስደስታል። በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ይጣመማል። ጽድ ሽታው ደስ ይላል እንጂ ቶሎ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለሥራ ይመቻል፣ ለእጅ ግን ለስላሳ ነው፣ በቀለበት ይጎዳል። የጋብቻ ቀለበት ማለቴ ነው።

የናርዲውን እንጨት ከመረጥክ ምክሬ አንድ ነው። ደጋ ላይ ፀሐዩ ቫርኒሹን ይበላዋል። ሸራውን ከፍተህ ቀኑን ሙሉ አታቁማት። ቫርኒሹ ሲላጥ ውኃ ይገባል፣ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፣ ከዚያ ስንጥቅ ነው። ስታቆም ጨርቅ ጣል አድርግበት፤ ይበቃል።

የደሴ መስመር ሾፌር፦

እኔ ስለ ክላሲክ መኪና አላውቅም። ጣርማ በርን ግን አውቀዋለሁ።

መምህር፣ ክላክሱን ማንም አላነሳልህም። ከዋሻው ወጥተህ ስትወርድ ኩርባው ሁሉ ዕውር ነው። ከታች የሚመጣው ከባድ መኪና መሃሉን ይዞ ነው የሚታጠፈው፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ክላክስ የሌለው መሪ ገጥመህ እንዳትመጣ። መሃሉ ላይ ቁልፍ ያለው ይሁን፣ ሳታይ በመዳፍህ የምታገኘው። አንዳንዱ ሰው ክላክሱን አውጥቶ ዳሽቦርድ ሥር ቁልፍ ያስገጥማል። ጉም ውስጥ ሥር ሥሩን ሲዳብስ በግ ይገጫል፣ ከዚያ ከባለ በጉ ጋር ሽምግልና ነው።

ሁለተኛ፣ ቆዳ ይሻላል። ክርክር አልገባም። ደብረ ብርሃን በሹራብ ጓንት ትነሳለህ፣ ሸዋሮቢት ስትደርስ መዳፍህ ላብ ነው። ሹራብ ጓንት የተወለወለ እንጨት ላይ ይንሸራተታል። ላብም እንደዚያው። ወፈር ያለ ቆዳ ሁለቱንም ይችላል። ቆዳውን ቅቤ አትቀባው እንጂ! አንድ ጓደኛዬ ቀብቶት ጠረኑ ተሳፋሪ አባሯል፣ መሪውም ከእጁ እየሸሸ አስቸግሮታል። እርጥብ ጨርቅ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ የቆዳ ቅባት፣ ከዚያ ደህና አድርጎ ማድረቅ።

የመንዝ በግ ቆዳ ሽፋን አልብሰው የሚልህ ሰው ይመጣል። ይሞቃል፣ እውነት ነው። ግን ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ካልተሰፋ ይዞራል። አንተ ታዞራለህ፣ ሽፋኑ ይዞራል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ፍጥነት ነው ነገሩ፦

እኔ እኮ የበግ ቆዳውን ልጽፍ ነበር።

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ፎቶ ላይ 35 ነው የሚያምረው። ይሄን ማንም አይነሳኝም።

የጠባሴው መምህር፦

ወስኛለሁ መሰለኝ።

39 ሴንቲ ናርዲ፣ ጥቁር ቆዳ፣ ወፈር ካለ ሞዞ ጋር። እንጨቱን ለማለት ልቤ ነበር። ባለቤቴም የሠርጉን ፎቶ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን የሾፌሩ የጓንት ነገር አሸነፈኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያለ ጓንት አልነዳም፤ ጓንቴ ደግሞ እናቴ የሠራችው ሹራብ ነው፣ ልቀይረው አልችልም። የካርቶን ቀለበቴም ከ39 ጋር ነው። ከ36 ጋር ያለውን 11 በመቶ በ165 ጎማ መልሼ ላገኘው እችል ነበር፤ ፍጥነት መለኪያዬን ሸፍኜ መንዳት ግን አልፈልግም።

ጋሼ ያሉት ነገር ደግሞ ነገሩን አቅልሎልኛል። ሞዞውን ለ74 ካስገጠምኩ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የእንጨቱ ናርዲ ሲገኝ ስድስት ብሎን ፈትቼ መቀየር ነው። ባለቤቴን በዚህ አባብያታለሁ። "መቼ?" ብላለች። ቀን አልቆረጥኩም።

ለአጎቴ ልጅ ትናንት ነገርኳት። መጀመሪያ ሞዞውን፣ ለ124 ስፓይደር መሆኑን አረጋግጣ፤ ከዚያ መሪውን፣ ከዚያ የክላክሱን ቁልፍ። የፍሬቻው ማንሻ ከኩርባ በኋላ በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው ጥርስ ሞዞው ላይ መኖሩንም ጠይቂ ብያታለሁ። ይሄን የጻፍኩት ጋሼ ሳይነግሩኝ ነው፤ ጥቁሩ መሪ ላይ ፍሬቻዬ በራሱ አይመለስም ነበር፣ ምክንያቱን አሁን ነው ያየሁት።

የቀረኝ አንድ ነው። ጥቁሩን እዚሁ ራሴ ላወጣው አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ጡረተኛው ቶርኖ፦

ጥሩ መርጠሃል። የፍሬቻውን ጥርስ ማየትህ ደግሞ ደስ ብሎኛል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ። መኪናዋን ቀጥ ባለ መንገድ ጥቂት ሂድና ቁም፤ በዓይን ብቻ አትመን። ያንተ መሪ ወደ ግራ ስለሚያጋድል አሮጌውን መሪ ምልክት አታድርገው፣ ጎማውን ነው የምታምነው። አላይመንቱ ደህና ከሆነ አዲሱ ሞዞ አንድ ሁለት ጥርስ ወደ ቀኝ ሲገባ ይስተካከላል።

ከዚያ የባትሪውን ገመድ ፍታ፤ አለበለዚያ የክላክሱ ሽቦ ሲነካካ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለህ። ቀጥሎ የመሃሉን ዳዶ አላላው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጣው። ጥቂት ጥርስ ላይ ተወው። ለብዙ ዓመት የተጣበቀ መሪ ድንገት ሲለቅ በሁለት እጅ እየጎተትከው ከሆነ ጥርስህ ላይ ነው የሚያርፈው። ዳዶው ይይዝልሃል። ዘንጉን ከጥርሱ ጋር ዝገት ይዞት ከሆነ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጣል አድርግና እስከ ማግስቱ ተወው።

አዲሱን ስትገጥም ስድስቱን ብሎኖች በየተራ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያከታተልክ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ጎረቤቱ አትሂድ። የመሃሉ ዳዶ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አለ፤ የአጎትህ ዕቃ መሃል ፈልገው። ከገጠምክ በኋላ ግቢ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አዙር፣ ጉልበትህን እንደማይነካ፣ ክላክሱ ግራም ቀኝም ሲዞር እንደሚሠራ እይ። ከዚያ ጥቂት ከነዳህ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሽ።

በእጅ እምቢ ካለህ ፑለር (መጎተቻ መሣሪያ) ተዋስ። ደብረ ብርሃን ላይ ፑለር የሌለው ጋራዥ የለም። ዘንጉን ግን በመዶሻ እንዳትመታው፤ የዳዶው ጥርስ ይጨፈለቅና አዲሱን መሪ የምታስርበት ታጣለህ።